የተጓዥ ነጋዴ የሰውነት ማጎልመሻ፤ ያለ መሣሪያ በማረፊያ ክፍል ኀይልን ስለ መጠበቅ

ንግድና ጉዞ ከጥንት ጀምሮ የማይለያዩ ባልንጀሮች ናቸው። በ19ኛው ምእት ዓመት ከቦንጋና ከጅማ ተነሥቶ፣ በጎጃም የባሶን ገበያ አልፎ፣ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይወርድ የነበረው ሲራራ ነጋዴ ዕቃውን በበቅሎና በአህያ ጭኖ ራሱ አብዛኛውን መንገድ በእግሩ ይሄድ ነበር። ጭነት ሲያነሣና ሲያወርድ፣ ዳገት ሲወጣና ቁልቁለት ሲወርድ፣ ወንዝ ሲሻገርና ድንኳን ሲተክል ጡንቻውና ሳንባው ያለ መምህር ይጠነክሩ ነበር። በመንገዱ ላይ የሚያሠጋው ሽፍታ፣ ወባና የውሃ ሙላት ነበር እንጂ መቀመጥ አልነበረም።

የዛሬው ነጋዴ ከቀደሙት ይልቅ እጅግ ሩቅ አገር ይደርሳል፤ ዳሩ ግን የሚደርሰው ተቀምጦ ነው። ቡና ለመግዛት ወደ ጅማ የሚሄደው በአውቶቡስ ወይም በመኪና ተቀምጦ፣ ዕቃ ለማስለቀቅ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው በባቡር ወይም በአውሮፕላን ተቀምጦ ነው። ከ1957 ጀምሮ በየዓመቱ በሚያዝያና በጥቅምት በሚከፈተው የጓንጁ የንግድ ትርዒት ላይ ለመገኘት ወደ ቻይና የሚበረውም 10 ሰዓት ያህል ከወንበሩ ጋር ታስሮ ይቆያል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከደረሰም በኋላ በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ይዋዋላል፤ በምግብ ቤት ተቀምጦ ይጋበዛል፤ ማታም በማረፊያ ክፍሉ ተቀምጦ ሒሳቡን ያስተካክላል።

የነጋዴ የመጀመሪያው ዋና ገንዘብ ሰውነቱ ነው። መጋዘን ቢቃጠል መድን ይኖረዋል፤ ገንዘብ ቢያንስ ባንክ ያበድራል፤ የነጋዴው ልብና ጉልበት የደከመ እንደ ሆነ ግን የሚተካለት የለም። ብዙዎች ይህን ያውቃሉ፤ ነገር ግን በአገር ቤት ሳሉ የጀመሩትን የሰውነት ማጎልመሻ ጉዞ በመጣ ቁጥር ይተዉታል። ምክንያታቸውም ጊዜ የለም፣ ቦታ የለም፣ መሣሪያ የለም የሚል ነው። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ይህ ምክንያት የማያዋጣ መሆኑን ማስረዳት ነው፤ ይኸውም በብዙ ድካም የተገኘውን የሰውነት ኀይል ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ሥራ፣ ኀይሉን ለማግኘት ካስፈለገው ሥራ እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ ነው።

መቀመጥ የሚያስከትለው ኪሳራ

መቀመጥ ሰውነትን እንደሚጎዳ በጥናት ካሳዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ብሪታንያዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስ ነው። በ1953 ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች አነጻጸረ። ነጂው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ቲኬት ቆራጩ ግን በአንድ የሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 የሚደርስ ደረጃ ይወጣል። ሁለቱም በአንድ አውቶቡስ የሚሠሩ፣ የአንድ ከተማ ሰዎች ሲሆኑ፣ የልብ ሕመም በነጂዎቹ ላይ በርክቶና ከብዶ ተገኘ። በፖስታ ቤትም እንዲሁ፣ በእግር እየዞሩ ደብዳቤ የሚያድሉት ተቀምጠው ከሚጽፉት ይልቅ ከልብ ሕመም የተጠበቁ ሆኑ። ሞሪስ ራሱ በ1956 የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ ልክ መርምሮ ነጂዎቹ ገና ሲቀጠሩ ጀምሮ ወገባቸው የሰፋ እንደ ነበር አስታውቋል፤ ስለ ሆነም ልዩነቱ ሁሉ ከመቀመጥ ብቻ የመጣ ነው አይባልም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የተደረጉት ምርምሮች የሞሪስን ዋና ሐሳብ አጽንተውታል።

ሁለተኛው ማስረጃ በ1966 በአሜሪካ፣ በዳላስ ከተማ የተደረገው ጥናት ነው። ዕድሜያቸው 20 ዓመት የሆነ አምስት ጤናማ ወጣቶች ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአልጋ ሳይነሡ እንዲተኙ ተደረገ። በሦስቱ ሳምንት ውስጥ ሰውነታቸው በከባድ ሥራ ጊዜ አየርን የመጠቀም ችሎታው ከሩብ በላይ ቀነሰ። እነዚሁ ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ እንደ ገና በተመረመሩ ጊዜ የሦስት ሳምንቱ መኝታ ከ30 ዓመት እርጅና ይልቅ ችሎታቸውን ጎድቶት እንደ ነበር ታወቀ። እርግጥ በሆቴል የሚያድር ነጋዴ እንደ በሽተኛ ተኝቶ አይከርምም፤ ነገር ግን ሰውነት ሥራ ሲያጣ የሚከስረው በዓመታት ሳይሆን በሳምንታት መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሦስተኛው በቀጥታ ስለ ተጓዦች የተነገረ ነው። በ2011 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከ13,000 የሚበልጡ የድርጅት ሠራተኞችን መዝገብ መረመረ። በወር ከ20 ሌሊት በላይ ከቤታቸው ውጭ የሚያድሩት፣ ከ1 እስከ 6 ሌሊት ብቻ ከሚያድሩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ጤናችን ደኅና አይደለም የማለታቸው ዕድል 2.6 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ከመጠን ያለፈ ውፍረትም በእነርሱ ዘንድ በርክቶ ታየ። ጥቂት ቀን የሚጓዙት ግን ጨርሶ ከማይጓዙት እንኳ የተሻለ ጤና ነበራቸው፤ ይህም ምናልባት ጤና የጎደለው ሰው ከመጀመሪያው ስለማይጓዝ ይሆናል። እንግዲህ የሚጎዳው ጉዞው ራሱ ሳይሆን በጉዞ ላይ የሚበዛው መቀመጥ፣ የሚዛባው እንቅልፍና የሚበረክተው ግብዣ ነው ማለት ይቻላል።

ለመጠበቅ የሚበቃው መጠን

በቺካጎ የነበሩ ተመራማሪዎች ከ1981 እስከ 1985 ባሳተሙት ተከታታይ ጥናት ይህን ጥያቄ በጥሩ አኳኋን መርምረውታል። ሰዎቹን በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 40 ደቂቃ፣ ለ10 ሳምንት በብርቱ ካሠለጠኑ በኋላ ሥራውን ለ15 ሳምንት ቀነሱላቸው። በመጀመሪያው ጥናት 6ቱን ቀን ወደ 4 ወይም ወደ 2 አወረዱት፤ የልብና የሳንባ ችሎታቸው አልወደቀም። በሁለተኛው 40ውን ደቂቃ ወደ 26 ወይም ወደ 13 አሳጠሩት፤ ዋናው ችሎታ አሁንም ጸና። በሦስተኛው ግን ቀኑንና ደቂቃውን ሳይነኩ የሥራውን ብርታት አለዘቡት፤ በዚህ ጊዜ ችሎታቸው ወደቀ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ በጉዞ ላይ ጊዜው ይጠር፣ ቀኑም ይቀነስ፣ ትጋቱ ግን አይላላ።

ስለ ጡንቻም በ2011 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ለ16 ሳምንት ክብደት በማንሣት የሠለጠኑ ወጣቶች፣ ከዚያ በኋላ ከቀድሞው ሥራ አንድ ዘጠነኛውን ብቻ እየሠሩ ለ32 ሳምንት ያገኙትን ጡንቻ ጠብቀው ቆዩ። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ግን የጡንቻቸውን ግዝፈት ለመጠበቅ ከዚያ የበለጠ ሥራ አስፈልጓቸዋል። ስለዚህ በዕድሜ የገፋ ነጋዴ ከወጣቱ ይልቅ በጉዞ ላይ ሊተጋ ይገባዋል እንጂ፣ አርጅቻለሁ ብሎ ሊተወው አይገባም።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ ጎልማሳ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ብርቱ የሆነ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ከዚህም ጋር በሳምንት ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። ቀደም ሲል እንቅስቃሴው ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ እንዲሠራ ይነገር ነበር፤ አዲሱ መመሪያ ግን ይህን ገደብ አንሥቶ ማናቸውም ጥቂት እንቅስቃሴ ከምንም እንደሚሻል አስታውቋል። ይህ ለተጓዥ ነጋዴ ታላቅ የምሥራች ነው፤ እዚህ 3 ደቂቃ፣ እዚያ 5 ደቂቃ ተለቃቅሞ በመዝገብ ሲደመር ዋጋ አለውና።

ያለ መሣሪያ የመሥራት ልምድ

ያለ መሣሪያ ሰውነትን ማጎልመስ አዲስ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ የካናዳ አየር ኀይል መሣሪያ በሌለበት ሩቅ ጦር ሠፈር ለሚኖሩ ሰዎች የሚሆን ዘዴ ፈልጎ፣ ቢል ኦርባን የተባለ የሰውነት ማጎልመሻ ሊቅ አምስት እንቅስቃሴዎች ብቻ ያሉበት፣ በቀን 11 ደቂቃ የሚፈጅ ሥርዐት አዘጋጀ። ለሴቶችም 10 እንቅስቃሴዎች ያሉበት፣ 12 ደቂቃ የሚፈጅ ተዘጋጀ። የዚህ ሥርዐት ብልሃት ሰውየው ከዝቅተኛው መደብ ጀምሮ በዕድሜው ልክ ቀስ እያለ ወደ ላይ እንዲወጣ ማድረጉ ነው። በ2013 ደግሞ በአሜሪካ ሁለት የሰውነት ማጎልመሻ ባለሙያዎች ወንበርና ግድግዳ ብቻ የሚያስፈልጋቸው 12 እንቅስቃሴዎችን፣ እያንዳንዱን 30 ሰከንድ ሠርቶ 10 ሰከንድ በማረፍ፣ በ7 ደቂቃ ያህል የሚፈጸም አድርገው አሳተሙ።

በአገራችንም ምሳሌ አይጠፋም። በ1960 በሮም ማራቶንን ባዶ እግሩን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ፣ በ1964 በቶኪዮ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለተኛ ድሉን ሲቀዳጅ፣ ተመልካቹን እጅግ ያስደነቀው ከፍጻሜው በኋላ የሠራው ነበር። ሌሎቹ ሯጮች ገና በመንገድ ላይ ሳሉ በሜዳው ሣር ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ፣ እግሩንም እያነሣ ይሠራ ነበር። ለዚያ ሥራ ሣሩና የገዛ ሰውነቱ በቂ ነበሩ።

በማረፊያ ክፍል የሚገኙ መሣሪያዎች

ታላቁ ሆቴል የስፖርት ክፍል ይኖረዋል፤ ከመናኸሪያ አጠገብ ያለው አልቤርጎ ግን አልጋ፣ ወንበርና ግድግዳ ብቻ ይኖረዋል። ለአስተዋይ ሰው ይህ ይበቃዋል። አራት እግሩ የጸና፣ ጎማ የሌለው ወንበር ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ ቢቀመጥ ለእግርና ለክንድ ሥራ ይሆናል። በአራት የታጠፈ ጋቢ ወይም ፎጣ በወለል ላይ ተነጥፎ ምንጣፍ ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 5 ኪሎ ክብደት ነው፤ ውሃውን በመጨመርና በመቀነስም ክብደቱን እንደ ፈቃድ ማድረግ ይቻላል። የናሙና ዕቃ የተሞላ የእጅ ቦርሳም እንዲሁ ያገለግላል።

ከሁሉም የሚበልጠው መሣሪያ ደረጃ ነው። በካናዳ፣ በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ በ2019 በታተመ ጥናት፣ ስፖርት የማይሠሩ ወጣቶች 60 ደረጃ በፍጥነት መውጣትን በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየመካከሉ ብዙ ሰዓት እያረፉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለስድስት ሳምንት ሠሩ፤ የልብና የሳንባ ችሎታቸውም ምንም ካልሠሩት ይልቅ 5 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። አንዱ መውጣት ከግማሽ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። እንግዲህ ክፍሉ በአራተኛው ፎቅ የሆነ ነጋዴ ሊፍቱን ለሻንጣው ትቶ እርሱ በደረጃው ቢወጣ፣ ያለ ልዩ ቀጠሮ የልብ ሥራውን ይሠራል ማለት ነው።

የ15 ደቂቃ ሥራ

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስድስት እንቅስቃሴዎች ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር በሆነ ቦታ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው። በመጀመሪያ 2 ደቂቃ ሰውነትን ማሟሟቅ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ባሉበት ቆሞ መራመድ፣ ክንድን ከትከሻ ማዞር፣ ወገብን ወደ ቀኝና ወደ ግራ በዝግታ ማዘንበል ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ 40 ሰከንድ ተሠርቶ 20 ሰከንድ ይታረፋል። ስድስቱ አንድ ጊዜ ሲፈጸሙ 6 ደቂቃ፣ ሁለት ጊዜ ሲፈጸሙ 12 ደቂቃ ይሆናል። በመጨረሻ 1 ደቂቃ በዝግታ እየተነፈሱ ሰውነትን ማፍታታት ሲጨመርበት ሁሉም 15 ደቂቃ ነው።

1ኛ፤ ቁጢጥ ብሎ መነሣት። እግርን በትከሻ ስፋት ከፍቶ ቆሞ፣ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ዳሌን ወደ ኋላ እየገፉ መውረድ፣ ከዚያም ተረከዝን ከወለል ሳያነሡ መነሣት ነው። ጀማሪ በእውነተኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይነሣ፤ የበረታው ያለ ወንበር ይሥራ፤ ከዚያም የበረታው ጀሪካኑን በደረቱ አቅፎ ይሥራ።

2ኛ፤ ፑሽ አፕ። ጀማሪ ከግድግዳ አንድ ርምጃ ርቆ ቆሞ፣ መዳፉን በግድግዳው ላይ አድርጎ ደረቱን ያቅርብና ይግፋ። መካከለኛው ከግድግዳ በተጠጋ ወንበር ላይ እጁን ተደግፎ ይሥራ። የበረታው በወለል ላይ ይሥራ። በሦስቱም ዓይነት ሰውነት ከራስ እስከ ተረከዝ ቀጥ ማለት አለበት፤ ወገብ አይጉበጥ፣ አይውረድም።

3ኛ፤ ቦርሳ መሳብ። በአንድ እጅ ወንበሩን ተደግፎ ከወገብ ወደ ፊት አዘንብሎ፣ በሌላው እጅ የተሞላውን ቦርሳ ወይም ጀሪካን ከወለል አንሥቶ ክርንን ወደ ኋላ እየሳቡ ወደ ጎድን ማድረስ ነው። 20 ሰከንድ በቀኝ፣ 20 ሰከንድ በግራ ይሠራል። ይህ በጽሕፈት ጠረጴዛና በስልክ ላይ አጎንብሶ የዋለን ጀርባ የሚያቃና ነው።

4ኛ፤ ባሉበት ሆኖ ጉልበት ማንሣት። ቀጥ ብሎ ቆሞ ጉልበትን እያፈራረቁ እስከ ወገብ ማንሣት፣ ክንድንም አብሮ ማወዛወዝ ነው። ጀማሪ በዝግታ፣ የበረታው በሩጫ ፍጥነት ይሠራዋል። ከታች በሚገኘው ክፍል ሰው የሚያርፍ ስለ ሆነ በእግር ጣት ቀስ ብሎ ማረፍ የተገባ ነው።

5ኛ፤ ዳሌ ማንሣት። በጋቢው ላይ በጀርባ ተንጋሎ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ እግርን በወለል ላይ አጽንቶ ዳሌን ወደ ላይ ማንሣትና በዝግታ ማውረድ ነው። ረጅም ሰዓት ተቀምጦ የደነዘዘውን የዳሌና የወገብ ጡንቻ ያነቃል።

6ኛ፤ እንደ ሳንቃ መቆየት። በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ፣ ሰውነትን እንደ ሳንቃ ቀጥ አድርጎ ሳይነቃነቁ መቆየት ነው። 40ውን ሰከንድ መጨረስ ያልቻለ ጉልበቱን በወለል ላይ አሳርፎ ይሥራ። ትንፋሽን አምቆ መያዝ አይገባም።

የሥራው ብርታት ልክ በቀላሉ ይታወቃል። ሠሪው መናገር እየቻለ መዝፈን ካቃተው መካከለኛ ነው፤ ከጥቂት ቃላት በላይ ሳያርፍ መናገር ካልቻለ ብርቱ ነው። ለጀመረ ሰው መካከለኛው ይበቃል። በአገሩ ሳለ በብርቱ ይሠራ የነበረ ግን በጉዞ ላይ ጊዜውን ቢያሳጥርም ብርታቱን መቀነስ እንደሌለበት ከላይ ተገልጿል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚታለፈው ቀላሉ ሁለት ዙር ያለ ችግር ሲፈጸም ነው።

በመንገድ ላይ ሳሉ

በ1940 ለንደን በአውሮፕላን ቦምብ ስትደበደብ በመጠለያ ጉድጓድ ውስጥ ሌሊቱን በወንበር ተቀምጠው ያድሩ ከነበሩት መካከል አንዳንዶቹ በእግራቸው ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባቸው ሄዶ በድንገት መሞታቸውን ኪት ሲምፕሰን የተባለ ሐኪም አስታወቀ። ይኸው አደጋ በረጅም ጉዞ ላይ እንደሚደርስ ከዚያ በኋላ ታውቋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2007 ባሳተመው ጥናት፣ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ ይህን አደጋ ሁለት እጥፍ ያህል እንደሚያደርገው ገልጿል፤ አደጋው በጤናማ ሰው ላይ የሚደርሰው ከ6,000 ተጓዥ በአንዱ ያህል ነው። ይህም በአውሮፕላን ብቻ ሳይሆን በአውቶቡስ፣ በባቡርና በመኪናም ነው። ደም ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው የባት ጡንቻ ሲጨማደድ የደም ሥሩን እየገፋለት ስለ ሆነ፣ ባት ሥራ ሲፈታ ደሙ ይዘገያል።

ስለዚህ ተጓዡ በየግማሽ ሰዓቱ፣ በተቀመጠበት ሆኖ፣ ተረከዙን 20 ጊዜ፣ ቀጥሎም የእግሩን ጣቶች 20 ጊዜ ከወለል እያነሣ ይመልስ። በአውሮፕላንና በባቡር በየአንድ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ተነሥቶ በመተላለፊያው ይመላለስ። አውቶቡስ ለምሳ ወይም ለነዳጅ በቆመ ጊዜ ከሁሉ በፊት 5 ደቂቃ ይራመድ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ምግቡ ይሂድ። ራሱ የሚነዳም መኪናውን በደኅና ቦታ አቁሞ እንዲሁ ያድርግ። ከጉዞ በኋላ አንድ ባት ያበጠበትና ያመመው፣ ወይም በድንገት ትንፋሽ ያጠረውና ደረቱን የወጋው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።

ስለ አየር፣ ስለ ጾምና ስለ ምግብ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። ከዚህ ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ዱባይ የሚወርድ ነጋዴ ትንፋሹ ሲቀል ያገኘዋል፤ ዳሩ ግን በበጋቸው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ በቀትር ከቤት ውጭ መሥራት አደገኛ ነው። ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥ ስለ ሆነ፣ አጭር ጉዞ የሚያደርግ ሰው ሥራውን በማለዳ ወይም በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ ያድርግ፤ ውሃም ያብዛ። ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ እንግዳ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ስለሚደክመው አንድ ዙር ብቻ ቢሠራ ይበቃዋል። ወደ ጓንጁ የሄደ ሰው ሰዓቱ 5 ሰዓት ስለሚቀድምበት በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እንቅልፍ ያጣል፤ በዚያ ጊዜ ቀን በቀን ብርሃን መራመድ ሰውነቱ ከአዲሱ ሰዓት ጋር እንዲስማማ ይረዳዋል።

ጾመኛ ነጋዴ ሥራውን ሊተው አያስፈልገውም፤ ጊዜውን ብቻ ይምረጥ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ክርስቲያን ወይም በረመዳን የሚጾም ሙስሊም ብርቱውን ሥራ ከማፍጠሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም ካፈጠረ አንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ቢያደርገው፣ የጎደለውን ውሃና ምግብ ቶሎ ይተካል። ራሱን ካዞረው ግን ወዲያው ማቆም ይገባዋል።

ግብዣን በተመለከተ፣ የንግድ ወዳጅ ያቀረበውን ገበታ መግፋት ነውር ስለ ሆነ፣ ከግብዣ መሸሽ ሳይሆን ከግብዣ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መራመድ የሚሻል ዘዴ ነው። ከምግብ በኋላ መራመድ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከመጠን በላይ ከፍ እንዳይል ያደርጋል። እንግዳውንም እንራመድ ብሎ መጋበዝ አያሳፍርም፤ በጠረጴዛ ላይ ያልተቋጨ የዋጋ ነገር በመንገድ ላይ ሊቋጭ ይችላልና።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው

የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት፣ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ነጋዴ፣ ከጉዞ በፊት ሐኪምን ጠይቆ የሥራውን ልክ ማወቅ ይገባል። ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በሥራ ጊዜ ስኳሩ ሊወርድ ስለሚችል አንድ ጣፋጭ ነገር ከአጠገቡ አይለይ። የደም ግፊት ያለበት ሰው በተለይ ትንፋሹን አምቆ ከባድ ነገር ከማንሣት ይጠንቀቅ። በሥራ መካከል ደረቱን የተጫነው ወይም ሕመሙ ወደ ክንዱና ወደ መንጋጋው የሄደበት ሰው ሥራውን አቁሞ ያለ መዘግየት እርዳታ ይፈልግ። ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ያለበት ሰው ደግሞ እስኪድን ድረስ ይረፍ፤ የጥቂት ቀን ዕረፍት ያገኘውን ኀይል አያጠፋበትም።

የሳምንት ሒሳብ

ነጋዴ መዝገብ መያዝ ስለ ለመደ ይህንንም በመዝገብ ቢይዘው ይጠቅመዋል። ለምሳሌ አንድ ቡና ገዢ ለአንድ ሳምንት ጅማ ቢቀመጥ፣ የ15 ደቂቃውን ሥራ በአራት ቀን ቢሠራ 60 ደቂቃ ይሆንለታል። ከማረፊያው ወደ መጋዘንና ወደ ገበያ በአምስት ቀን 20 20 ደቂቃ በፈጠነ ርምጃ ቢሄድ 100 ደቂቃ ይሆናል። ድምሩ 160 ደቂቃ ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት ለሳምንት ካነሰ አይሁን ያለውን 150 ደቂቃ አለፈ ማለት ነው። ጡንቻን የሚያጠነክረውም ሥራ ሁለት ቀን ሲፈለግ አራት ቀን ተገኘ። ለዚህ ሁሉ ያወጣው ገንዘብ የለም፤ ከንግዱ የወሰደውም ጊዜ በአራቱ ቀን ሌሎች ሰዎች ቡና እስኪፈላ የሚጠብቁትን ያህል ነው።

ሥራው እንዳይረሳ የሚያደርገው ጊዜውን ከሌላ የማይቀር ነገር ጋር ማያያዝ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት የሚሠራ ሰው፣ ስልኩ መጮህ ሳይጀምር ሥራውን ጨርሶ ይገኛል። ማታ እሠራዋለሁ የሚል ግን እንግዳ ይመጣበታል፣ ስብሰባ ይረዝምበታል፣ ድካምም ያሸንፈዋል። በአንድ ክፍል ከሌላ ሰው ጋር የሚያድርም ቢሆን ባልደረባውን ጨምሮ ቢሠራ ሁለቱም ይጸናሉ።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2024 እንዳስታወቀው፣ በ2022 ከዓለም ጎልማሶች 31 በመቶ፣ ይኸውም 1.8 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ የሚበቃ የሰውነት እንቅስቃሴ አያደርግም ነበር። ከእነዚህ መካከል የሚቆጠር ነጋዴ ዕዳው የሚጠየቅበትን ቀን አያውቀውም፤ የልብ ሕመም እንደ ባንክ አስቀድሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አይጽፍምና። በዳላስ ጥናት የተመረመሩት ሰዎች በ50 ዓመታቸው ስድስት ወር ቀስ በቀስ ቢሠለጥኑ በ30 ዓመት ያጡትን የልብና የሳንባ ችሎታ መልሰው አግኝተውታል። ስለዚህ ለመጀመር ዘገየሁ የሚል ሰው ምክንያት የለውም። በሚመጣው ሳምንት ለጉዞ የሚነሣ ነጋዴ በሻንጣው ላይ የሚጨምረው አንዳች ነገር አያስፈልገውም፤ በደረሰበት ክፍል ወንበሩን ወደ ግድግዳ ያስጠጋ፣ ጋቢውን ያንጥፍ፣ ከመጀመሪያው እንቅስቃሴም ይጀምር።